ለራሴ ወላጅ የሆንኩበት ስብሰባ

ትምህርት ቤታችን ከከተማው መሀል ሊነሳ መሆኑን ያወቅነው በበግ ምክንያት ነው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን እንደዚያ ነበር የሆነው።

የምንማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቆመው ከገበያው ጎን ነበር። ግቢውንና የበግ ተራውን የሚለያቸው ደረት የማይደርስ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከማዘጋጃ ቤት የመጡ ሰዎች ከካቡ ወዲያ ጫፋቸው ቀይ ቀለም የተቀባ ችካሎች ተክለው ሄዱ። በረድፍ፣ እኩል እኩል አራርቀው። በማግስቱ ሐሙስ ነው፤ የገበያ ቀን። በግ እየነዳ ከደጋ የመጣ የመንዝ ገበሬ እንዲህ ያለ ጠንካራ ችካል ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ሁሉም በጉን አሰረበት።

ወንድሜም አሰረ። በእረፍት ሰዓት ወጥቼ ካቡ ጋ ስደርስ ሙክቱን ከአንዱ ችካል ጋር ጠፍሮ፣ በክርኑ ካቡን ተደግፎ ያፏጫል።

«ምሁሩ!» አለኝ። ሲጠራኝ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። «አየህ? ዛሬስ መንግሥት አስታወሰን። የበግ ማሰሪያ ሠራልን።»

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ምን አውቄ። ቀለም ሁሉ ቀብተውታል እኮ። በጋችን ከተማ መጥቶ እንዳያፍር ነው።»

አጠገቡ የቆሙት ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ወረቀት የጠቀለለ አንድ ወጣት እየሮጠ መጣ።

«ኧረ ፍቱ! ፍቱ! የፕላን ችካል ነው!»

«የምን ፕላን?» አለው ወንድሜ።

«የመልሶ ማልማት ነዋ። እዚህ መናኸሪያ ነው የሚሠራው። መናኸሪያ፣ ሱቅ፣ ፎቅ።»

«ትምህርት ቤቱስ?»

«እሱ ይነሳል።»

ወንድሜ ትምህርት ቤቱን አየ፣ ሙክቱን አየ። «ወይ ጉድ! ሙክቴ ፎቅ ላይ ነው የቆመው ለካ» አለና ገመዱን ፈታ። አንድ ኃይለኛ በግ ግን ችካሉን ነቅሎ እየጎተተ ገበያው ውስጥ ገብቶ ነበር። ወጣቱ እሱን ሲያሳድድ የገበያው ሰው ግማሹ በግ የተሰረቀበት መስሎት አብሮት ሮጠ።

እንዲህ ነው የሰማነው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ስንቅ ልናገር፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም። እኔ የገጠር ልጅ ነኝ። መንደራችን ጓሳ ከሚባለው፣ ሕዝቡ በጋራ ከሚጠብቀው የሣር ምድር አጠገብ ነው፤ ከከተማው ድረስ ከንጋት ተነስተው ሲሄዱ ረፋድ ላይ ይደርሳሉ። እንደ እኔ ያሉ ተማሪዎች ከተማ ቤት ተከራይተን እንማራለን፤ የምንበላው ግን ከቤታችን ነው የሚመጣው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ በበዓል ሰሞን ጭኮ። ስንቁ የሚደርሰን በገበያ ቀን ነው። የመጣው ዘመድ ከበግ ተራው ማዶ ሆኖ ይጣራል፤ እኛ በእረፍት ሰዓት ካቡ ጋ ወጥተን እንቀበላለን። ከሩቅ የመጣ ሰው ቀን ሳይገፋ መመለስ አለበት። ስለዚህ ያቺ የእረፍት ሰዓት ካመለጠች ሳምንቱ አለቀ ማለት ነው።

የእኔን ስንቅ የሚያመጣው ወንድሜ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ ሞፈር የያዘው እሱ ነው። አባታችን ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ አንዳችን ማረስ ነበረብን። ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረን አናውቅም። ትምህርት ቤት ስመዘገብ ወላጅ ተብሎ የቆመልኝም እሱ ነው። የስልቻውን አፍ ሲያስር አጥብቆ ስለሚጠፍረው በጣት አይፈታም። በጥርሴ ነበር የምፈታው። «እንዲህ ካላሰርኩት መንገድ ላይ እኔው እበላዋለሁ» ይላል።

ወሬው ከተማውን ለሁለት ከፈለው። ማዘጋጃ ቤቱ አዲሱ ትምህርት ቤት ከወንዙ ማዶ፣ ሜዳው ላይ እንደሚሠራ አስታወቀ። ከገበያው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ቤተ መጻሕፍት ይኖረዋል፣ ሰፊ ሜዳ ይኖረዋል፣ ክፍል ስለሚበዛ ፈረቃ ቀርቶ ሙሉ ቀን እንማራለን ተባለ። ከትምህርት ቤቱ ጋር እኛ የተከራየንበት ሰፈር አብሮ ይፈርሳል። የቤት ባለቤቶች እዚያው ማዶ ምትክ ቦታ ይሰጣቸዋል።

የእኔ አከራይ ጠላ ትሸጣለች። እትዬ ነው የምንላት። ወሬውን የሰማች ቀን ጋኑን እያጠበች፣

«ምትክ ቦታ?» አለች። «እዚያ ማንን ነው ጠላ የምሸጥለት? ለቀበሮ?»

«ተማሪው ይሄዳል እኮ እትዬ።»

«ተማሪ! ተማሪማ አንድ ጣሳ ለአራት ነው የሚጠጣ። አንተ ደግሞ ጨርሶ አትጠጣም። ብኩን!»

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ነበሩ። ካቡን ወጣት ሳሉ ከሕዝቡ ጋር ድንጋይ ተሸክመው እንደካቡት ለሁሉም ይናገራሉ። እሳቸው አይነሳም ካሉት ወገን ናቸው። ባለሱቆቹ፣ ቤት አከራዮቹም እንደዚያው። ይነሳ የሚሉት አስተማሪዎቻችንና ትልልቆቹ ነጋዴዎች ነበሩ፤ አስተማሪዎቹ ለጸጥታው፣ ነጋዴዎቹ ለመናኸሪያው።

እውነቱን ለመናገር ሐሙስ ሐሙስ መማር አይቻልም ነበር። በዚያ ጊዜ ትምህርቱ በፕላዝማ ነው። ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ ከመስኮቱ ውጭ አህያ ያናፋል። የክፍሉ መምህር ቢሆን ዝም ብሎ አህያውን ይጠብቃል። የፕላዝማው አይጠብቅም። አህያው ሲጨርስ እሱም ጨርሶ ደኅና ዋሉ ይላል።

ወንድሜ ይህን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«ይነሳ» አለ።

«ምኑ?»

«ትምህርት ቤቱ ነዋ። እኔ አንተን የላክሁህ ፊደል እንድትማር ነው። የበግ ዋጋ ከሆነ ቤትም አለ።»

«ያን ያህል መንገድ ተጨምሮ ስንቁን እንዴት ታደርሳለህ?»

«እግሬ አለ አይደል? ምን ሆነ?» ወደ በግ ተራው ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ስሙ! የእኛ ቤት ይነሳ ብሏል! ነገ አላልኩም እንዳልል ስሙኝ!»

ከሰሙት አንዱ የመንደራችን ሽማግሌ ነበሩ፤ መሬታቸው ከእኛ ጋር ይዋሰናል። «አንተ ጩኸታም» አሉት፣ «ገበያውን ልታስነሳ ነው ትምህርት ቤቱን?»

ይህ ጥቅምት ላይ ነው። የካቲት ሲገባ አንድ ሐሙስ ወንድሜ ቀረ።

ካቡ ጋ ቆሜ ስጠብቅ ሽማግሌው ጎረቤታችን ስልቻዬን ይዘው መጡ። ሰላምታቸውን ሳይቀንሱ ሰጡኝ። የእናቴን ጤንነት፣ የከብቱን፣ የአዝመራውን ሁሉ ነገሩኝ። ወንድሜ ብርድ መትቶት ተኝቷል አሉ። ስለ እሱ ስጠይቅ በዓይናቸው በጎቹን ያያሉ። ቤቴ ገብቼ ስልቻውን ልፈታ ወደ አፌ ሳስጠጋው አፉ በጣቴ ብቻ ተፈታ። የእናቴ እስር ነው። እኔ እዚያ ላይ... እንዴት እንደምለው አላውቅም። ያን ጊዜ አወቅሁ ብል ውሸት ይሆናል። ግን በሶውን ሳልበጠብጥ ቁጭ ብዬ ዋልሁ።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ዘመዶቻችን ተሰብስበው መርዶ ይዘው መጡ። እትዬ ቀድማ አውቃ ኖሯል፤ በሩን ከፍታ ጠበቀቻቸው። ተስቦ ነው አሉ። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ሲያወርዱት መንገድ ላይ ነው ያለፈው። ከቀበሩት በኋላ ነው የደረስሁት።

ከተዝካሩ በፊት ገና ለቅሶው ሳይበተን የሞፈሩ ነገር ተነሳ። የእናቴ ወንድም፣ «ልጁ ይመለስ፤ መሬት ጦም ያድራል?» አለ። ልክ ነው፤ ማንም ክፉ አልተናገረም። እናቴ ግን አሻፈረኝ አለች። «አንዱን ከትምህርት አውጥቼ ለመሬት ሰጠሁ። ሁለተኛውን አልሰጥም» አለች። ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ አልቅሳም አይደለም የተናገረችው። ሽማግሌው ጎረቤታችን መሬቱን የእኩል ሊያርሱልን፣ ሐሙስ ሐሙስ ስንቄንም ሊያደርሱልኝ ተስማሙ።

«ግን እስከ ካቡ ድረስ ነው» አሉኝ ለብቻዬ ጠርተው። «ልዋሽህ አልፈልግም። እኔ ሽማግሌ ነኝ። ወንዝ ተሻግሬ ማዶ ደርሼ፣ ተመልሼ፣ ከዚያ ቤቴ ልግባ ብል ውድቅት ይሆንብኛል። ትምህርት ቤቱ ከተነሳ እንጃ።»

ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር። ትምህርት ቤቱ ካልተነሳ አስረኛ ክፍልን እጨርሳለሁ። ከተነሳ ስንቅ የለም፤ ስንቅ ከሌለ ወደ ሞፈሩ ነኝ። እናቴ አባታችንን ትታ ከቤት መውጣት አትችልም። ገዝቼ ልብላ ቢባል በምን?

የወላጆች ስብሰባ የተጠራው ከዚህ በኋላ ነው። የገጠሩ ሰው እንዲገኝ ብለው በገበያ ቀን አደረጉት፤ ግቢው ውስጥ ካሉት ጽዶች ሥር። የሰፈሩ ሰውም ተጠርቷል። ተማሪ አይገባም ተብሏል። ጠዋት ከቤት ስወጣ እትዬ በር ላይ ያዘችኝ።

«ትገባለህ አይደል?»

«ተማሪ አይገባም ብለዋል።»

«ወላጅህ ማን ነው አሁን? ግባ። ገብተህ አይነሳም በል። ለእኔ ብለህ አይደለም፣ ለሆድህ።» ከዚያ ደግሞ፣ «ለእኔም ብለህ» አለች።

ገባሁ። ለሐዘን ኩታዬን ዘቅዝቄ ዩኒፎርሜ ላይ ደርቤያለሁ። ከመንደራችን ሰዎች መሀል ቁጭ አልሁ። ከመድረኩ ሰብሳቢው፣ የከተማው አስተዳደር ሰው ናቸው፣ ገና ስብሰባውን ሳይከፍቱ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይህ የወላጅ ስብሰባ ነው። ውጣልን።»

ተነሳሁ። ልወጣ ነበር። ሽማግሌው ጎረቤታችን ኩታዬን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ፤ እሳቸው ግን ቆሙ።

«ጌታዬ» አሉ። «እኛ ዘንድ የጓሳው ሣር ተዘግቶ ይከርምና ሲከፈት ከየቤቱ አንድ ሰው ይናገራል። አባት ካልቻለ ልጅ፣ ልጅ ከሌለ እናት። ሰው ጎደለበት ተብሎ የአንድ ቤት አፍ አይዘጋም። የዚህ ልጅ ወላጅ ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ በቀደም ቀበርነው። የቤቱ ሰው እሱ ነው።»

«ታዲያ ለራሱ ወላጅ ሊሆን ነው?» አለ አንድ ባለሱቅ። ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም። «ይቀመጥ» አሉ።

ክርክሩ ረጅም ነበር። ጡረተኛው መምህር ስለ ካቡ ተናገሩ፤ ደኅና አድርገው ተናገሩ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ስለ ፈረቃው ተናገሩ። እትዬ ከሴቶቹ በኩል ተነስታ ስለ ቀበሮዋ ተናገረች። ሰብሳቢው ሲመልሱ ከካቡ ማዶ የበግ ጩኸት እየዋጣቸው ሁለት ሦስት ጊዜ «ምን አሉ?» ተባሉ። በመጨረሻ ተናደው፣ «ይኸው! ይህን ነው የምላችሁ!» ብለው እጃቸውን ወደ በግ ተራው ዘረጉ።

እኔ ወንድሜ የቆመባትን ቦታ እያየሁ ነበር። እዚያ ላይ ሌላ ሰው ሙክት ይዞ ቆሟል። ከመንደራችን የየቤቱ ሰው ተራ በተራ ሲናገር ቆይቶ ደረሰኝ። ተነሳሁ። ስናገር ዛሬም እጎተታለሁ፤ ያን ቀን ግን ባሰብኝ።

«የእኛ ቤት...» አልሁ። «የእኛ ቤት ቃል...» ቆምሁ። ጠበቁኝ። ቢስቁ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«የእኛ ቤት ቃሉን ሰጥቷል። ወንድሜ ሰጥቶታል፤ እዚያ ማዶ ቆሞ። የሰማችሁ አላችሁ። ይነሳ ብሏል። የሰጠውን ቃል እኔ አላፈርስም።»

ከሴቶቹ በኩል እትዬ «ውይ!» ስትል ሰማሁ።

«ግን እሱ ይነሳ ሲል ስንቁን የሚሸከመው እሱ ነበር። አሁን የለም። የእኔ ብቻ አይደለም። ማዶ ከሄድን ሙሉ ቀን ክፍል ውስጥ ነን፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ደግሞ ሳይመሽ ይመለሳል። ማን ይቀበላል? ማን ያደርሳል? እኔ ስንቅ ካልደረሰኝ ትምህርቴን አቆማለሁ። ስለዚህ የእኛ ቤት ይነሳ ነው የሚለው። ስንቁ እንዴት እንደሚደርስ ሳትነግሩን ግን... ሳትነግሩን ከዚህ አትነሱ።»

ተቀመጥሁ። ሰብሳቢው ወረቀታቸውን አዩ። «የስንቅ ጉዳይ አጀንዳ አይደለም» አሉ።

«ታዲያ ልጆቹ ምን ይብሉ?» አሉ ሽማግሌው ጎረቤታችን ሳይነሱ። «ፕላኑን?»

ከዚያ በኋላ ስብሰባው የማዘጋጃ ቤቱ መሆኑ ቀረ። የገጠሩ ሰው ተነሳ። ከዚያ በፊት ከሌላ መንደር የመጡት ዝም ያሉት ነገሩ የከተማ ነገር መስሏቸው ነው። አሁን ሁሉም ስለ ልጁ ስልቻ ነው የሚጮኸው። አንዱ በዘበኛ ይላክ ይላል፤ ሌላው ዘበኛው ቢበላውስ ይላል። አንዷ እናት ልጇ ስንቅ ሲዘገይባት ከጓደኛዋ ተበድራ እንደምትበላ እዚያው ሰምታ ልጅቷን ካልጠራችሁልኝ አለች። በስተኋላ ነገሩን የቋጩት ከጓሳው በለመዱት መንገድ ነው። ጓሳውን ከብት እንዳይገባበት በተራ እንጠብቃለን፤ በዚህ ሳምንት የእነ እገሌ ቤት፣ በሚመጣው የእኛ። ስንቁም እንደዚያ ይሁን ተባለ። ሐሙስ ሐሙስ ሁሉም ስልቻውን ካቡ ሥር ያስቀምጥ፣ ካቡ ከፈረሰም ያው ቦታው ላይ። ተራ የደረሰው ቤት ሰብስቦ ጭኖ ማዶ ያደርስ፤ ያን ቀን ከተማ ይደር።

«ተራውን የማይወጣ ቤትስ?» አለ ባለሱቁ።

«እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቤት የለም» አሉ ሽማግሌው።

ሰብሳቢው ለትምህርት ቤቱ መነሳት እጅ አስወጡ። እጄን አወጣሁ። የሚበዛው ይነሳ አለ። ጡረተኛው መምህር ሲወጡ በእጃቸው ካቡን ዳበስ አድርገው አለፉ። ዞር አላሉም። ያን ሳይ ደስ አላለኝም፤ እጄን በማውጣቴ ግን አልተጸጸትሁም። እስካሁንም አልጸጸትም።

እትዬ አኮረፈችኝ። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ «ምትክ ቦታው ከአዲሱ በር ፊት ለፊት ነው አሉ» አለችኝ። «አስተማሪዎች ይጠጣሉ አይደል?»

«ይጠጣሉ እትዬ።»

«እንግዲያስ።»

በሚቀጥለው ዓመት፣ አስረኛ ክፍል ሆኜ፣ በዓመቱ አጋማሽ ተዛወርን፤ እትዬም ከአዲሱ በር ፊት ለፊት ቤት ቀለሰች። ክፍሎቹ ገና ኖራ ይሸታሉ፤ መስኮቱ ላይ መስታወት ያልገባላቸው ነበሩ። በጉም ሲሆን ከሜዳው በቀር የሚታይ የለም፤ የፕላዝማው አስተማሪ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰማል። ስንቁ በየሐሙሱ ደረሰ። አንዳንዴ ዘግይቶ፣ አንድ ጊዜ ዝናብ ነክቶት፤ ግን ደረሰ።

ከዚያ ተራው የእኛ ቤት ሆነ።

ሽማግሌው ጎረቤታችን እኔ ልውጣላችሁ ብለው ነበር። እናቴ ግን በእሳቸው እጅ ወንድሜ ሙክት ያስርበት የነበረውን ገመድ ላከችልኝ፤ ተራውን ራሴ እንድወጣ መሆኑ ገባኝ። የክፍል ኃላፊያችንን አስፈቅጄ ከእትዬ የውኃ አህያዋን ተዋስሁ። «ሰኮናዋን እንዳታስመታብኝ» ብላ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘችኝ።

ካቡ ከፊሉ ፈርሷል። ድንጋዩን ለመናኸሪያው መሠረት ከምረውታል። ሰው ግን ስልቻውን እዚያው ቦታው ላይ አስቀምጧል፤ የማን እንደሆነ እንዲለይ አንዱ ቀይ ጨርቅ፣ አንዱ የባና ቅዳጅ አስሮበታል። ሽማግሌው ጎረቤታችን የእኔን አቀበሉኝ። አፉ እንደገና የእናቴ እስር ነው። ፈትቼ እንደ ወንድሜ አጥብቄ ጠፈርሁት። ከዚያ ሁሉንም ጫንሁ፤ አህያዋ ያልቻለችውን በጀርባዬ ያዝሁ። መንገዱ ረጅም ነው። እሱ እግሬ አለ ሲል ምን እንዳለ ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ከብዶኝ አይደለም። ተሸክሞ መሄዱ ደስ ይል ነበር።

ተማሪዎቹ አዲሱ በር ላይ ይጠብቃሉ። የእሱ ዓይነት ድምፅ የለኝም፤ ግን ጮህሁ።

«ምሁሩ! ባለ ቀይ ጨርቁ! እናትህ ድንጋይ ነው እንዴ የላከችልህ? ወገቤ ተቆረጠ!»

«አንቺ ምሁር! ያንቺ ቆሎ ነው። መንገድ ላይ ቀምሼዋለሁ፣ ጨው ያንሰዋል!»

እየሳቁ፣ እየተሳደቡ ተቀበሉኝ። ስልቻው አንድ በአንድ አለቀ። አህያዋ ላይ አንድ ብቻ ቀረ። ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም የየራሱን ይዟል። ከኋላ አንዱ፣ ክፍል ውስጥ አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣

«ምሁሩ!» ብሎ ጮኸ። «ና እንጂ! ወላጅህ መጥቷል!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስልቻዬን ከአህያዋ አውርጄ አጥሩ ሥር ተቀመጥሁና አፉን ልፈታ ሞከርሁ። በጣት አልፈታ አለ። በጥርሴ ፈታሁት።